ዝም የተባለውን ቤት መጻፍ፦ ስለ ሙሉ ቁጥሮች አጻጻፍና ስለ ቦታ ዋጋ

ይህ ጽሑፍ ለአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራንና ለተማሪ ወላጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ በእጃችሁ ካለ ወደ ንግግሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቁጥር ላስጽፋችሁ። በአኃዝ ጻፉልኝ፦ ሦስት መቶ ሁለት ሺህ አርባ።

ትክክለኛው 302,040 ነው። አብዛኞቻችሁ ብዙም ሳትጨነቁ እንደጻፋችሁት እገምታለሁ። ይህንኑ ቁጥር ለልጆች ስናስጽፍ ግን የሚመጣልን መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ 32,040 ይላል። ሌላው ኮማውን ከተገቢው ቦታ ያሳርፍና ከኮማው በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ያስከትላል፤ 302,40። ሦስተኛው ደግሞ የሰማውን ሁሉ በሰማበት ቅደም ተከተል ይደረድራል፦ 300፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1000፣ ከዚያ 40። ውጤቱ 3002100040 ይሆናል። ይህ ሲነበብ ሦስት ቢሊዮን ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ አርባ ነው። ልጁ ግን ከሰማው ላይ አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃልም አልቀነሰም።

እኛ መምህራን ሦስቱንም በቀይ እንሰርዝና «ትኩረት ስጥ» ብለን እናልፋለን። እኔን ግን የሦስተኛው ልጅ መልስ ሁልጊዜ ቆም ብዬ እንዳየው ያደርገኛል። ልጁ ሰምቷል፤ የሰማውንም በታማኝነት ጽፏል። ያልተነገረው ነገር ቢኖር ጆሮ የሚከተለው ሕግና ወረቀት የሚከተለው ሕግ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ስንናገር ያለውን እየጠራን የሌለውን እንዘለዋለን። ስንጽፍ ግን የሌለውንም መጻፍ ግዴታችን ነው። «ሦስት መቶ ሁለት ሺህ አርባ» ስንል ስለ አሥር ሺህ ቤት፣ ስለ መቶ ቤትና ስለ አንድ ቤት ትንፍሽ አላልንም። በወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱም ቤቶች ዜሮ ይዘው ተቀምጠዋል። የዛሬው ንግግሬ ስለነዚያ ዝም ስለተባሉ ቤቶች ነው።

ነገሩን ለማየት ከግእዝ ቁጥሮች የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የግእዝ አኃዞች ሃያ ምልክቶች ናቸው፦ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ በእነርሱ ላይ ፻ (መቶ) እና ፼ (እልፍ፣ ማለትም አሥር ሺህ)። ሥርዓቱ ከግሪክ ፊደላዊ ቁጥሮች የተወረሰ ሲሆን ዜሮ የለውም። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያነሳዋል፤ እኔ አልስማማም። ዜሮ የሌለው ስለማያስፈልገው ነው። ያስጻፍኳችሁ ቁጥር በግእዝ ፴፼፳፻፵ ተብሎ ይጻፋል፦ ሠላሳ እልፍ፣ ሃያ መቶ፣ አርባ። አምስት ምልክት፣ በቃ። መቶና እልፍ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው የጎደለውን ለማሳወቅ አለመጻፍ ይበቃል። ፫፻፭ ሦስት መቶ አምስት ነው፤ መካከል ላይ አሥር አለመኖሩን ለማስረዳት ጸሐፊው ምንም አይደክምም። ግእዝ ቁጥርን የሚጽፈው አንደበት እንደሚናገረው ነው። ያ ሦስተኛው ልጅ በግእዝ አኃዝ ቢጽፍ ኖሮ ዘዴው እምብዛም ባልከፋ ነበር።

የሮማውያኑም ቁጥር በዚህ ረገድ የቅርብ ዘመዱ ነው። አንድ ፊደል የትም ቢቀመጥ ዋጋው ያው ነው፤ ቦታው የሚወስነው ይደመር ወይስ ይቀነስ የሚለውን ብቻ ነው። 1888ን በሮማውያን ቁጥር ለመጻፍ አሥራ ሦስት ፊደላት ይፈጃል። ስለ እነርሱ ከዚህ በላይ አላቆያችሁም።

በጥንት ዘመን ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ምልክቶች እየደመሩና እያባዙ ይውሉ ነበር ብለን የምናስብ ከሆነ ግን ነገሩን አጣመናል። ምልክቶቹ በአብዛኛው ውጤት መመዝገቢያ ነበሩ። ስሌቱ የሚካሄደው በሰሌዳ ላይ በጠጠር ነው። ሰሌዳው መስመር መስመር የተከፈለ ነው፤ አንዱ መስመር የአንድ፣ ቀጥሎ ያለው የአሥር፣ ከዚያ የመቶ። ጠጠሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋ የሚሰጠው ያረፈበት መስመር ነው። እንግዲህ የቦታ ዋጋን ጸሐፊው በብዕሩ ባያውቀውም አስሊው በጣቱ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሰሌዳው ዜሮም አልፈለገም፤ ባዶው መስመር ባዶ ሆኖ ይታያልና።

ጣጣው የሚመጣው መስመሩ ሲጠፋ ነው። በሰሌዳው ላይ ሦስት ጠጠር፣ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ አምስት ጠጠር አለ እንበል። ይህን ወደ ወረቀት ገልብጡ ብንባል 3 እና 5 ጽፈን በመካከላቸው ክፍተት እንተዋለን። ክፍተቱ ግን የስንት መስመር ነው? የአንድ ከሆነ ቁጥሩ 305 ነው፤ የሁለት ከሆነ 3,005 ነው። ወይስ የጸሐፊው እጅ ትንሽ ራቅ ብሎበት ነውና ቁጥሩ 35 ነው? ሌላ ሰው ሲያነበው በግምት ካልሆነ በቀር መልስ የለውም።

ባቢሎናውያን የገቡበት ችግር ይኸው ነበር። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት በሜሶፖታሚያ የነበሩ ጸሐፍት በስልሳ ላይ የተመሠረተ እውነተኛ የቦታ ዋጋ አጻጻፍ ነበራቸው። በሸክላ ጽላት ላይ የተወጋች አንዲት ቋሚ ምልክት 1 ልትሆን ትችላለች፤ 60 ልትሆን ትችላለች፤ 3,600ም ልትሆን ትችላለች። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከጉዳዩ ነው። ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ፣ በመካከል ያለውን ባዶ ቤት የምታመለክት ምልክት ሲጠቀሙ እናያለን። በቁጥሩ መጨረሻ የማስቀመጥ ልማድ ግን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ 1 እና 60 መምታታታቸውን አልተዉም።

ስልሳው ዛሬም ከእኛ ጋር አለ፤ በየሰዓታችን ላይ እናየዋለን። ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ የፈጀ ነገር 2:05:09 ተብሎ ይመዘገባል። ይህ የባቢሎናውያን ዓይነት ቁጥር ነው፦ 2 ጊዜ 3,600፣ 5 ጊዜ 60፣ 9 ጊዜ 1፤ ሲደመር 7,509 ሰከንድ። በመካከል ያሉት ሁለት ነጥቦች የሰሌዳውን መስመር ሥራ ይሠራሉ። ነጥቦቹን አንሱና ዜሮዎቹንም ተዉ፣ የሚቀራችሁ 259 ነው፤ ከዚያ ማንም ሰዓቱን መልሶ አያገኘውም።

ዜሮን ራሱን ቁጥር አድርጎ የመደመር፣ የመቀነስና የማባዛት ሕግ የጻፈለት ሕንዳዊው የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ ነው፤ ጊዜው እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር 628 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ በድንጋይ ላይ ተጽፎም ይገኛል። በካምቦዲያ በ683 ከተቀረጸ ጽሑፍ ላይ በአገሩ አቆጣጠር 605 የሚል ዓመት አለ፤ የመካከሉ ባዶ ቤት በነጥብ ተሞልቷል። በሕንድ ጓሊዮር በሚገኝ ቤተ መቅደስ ውስጥ ደግሞ በ876 የተቀረጸ 270 አለ፤ መጨረሻው ላይ ዛሬ የምንጽፋት ዓይነት ትንሽ ክብ ተቀምጣለች። አንዱ በመካከል፣ ሌላው በመጨረሻ። ባቢሎናውያን ሳይጽፉት የቀሩት ቦታ እዚህ ተሞላ። መስመሩ ቢጠፋም ቤቱ የማይጠፋበት አጻጻፍ የተገኘው እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው የሚሠራውን ሁሉ ወረቀት ሊሠራው ቻለ።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ በእነዚህ አኃዞች እንዴት እንደሚሰላ ጻፈ። በ1202 ደግሞ ፊቦናቺ በሚል ስም የምናውቀው የፒሳው ሊዮናርዶ ለአውሮፓ ነጋዴዎች አብራራላቸው። ሁሉም እልል ብሎ አልተቀበለውም። በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባላቱ በሒሳብ መዝገባቸው ላይ በአዲሶቹ አኃዞች እንዳይጽፉ ከልክሏል። እኔ በዚህ ክልከላ ላይ አልስቅም። በቦታ ዋጋ አጻጻፍ አንዲት ክብ በመጨረሻ መጨመር ቁጥሩን አሥር እጥፍ ያደርገዋል፤ በፊደል የተጻፈ ቁጥር ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካም። ዛሬም በቼክ ላይ መጠኑን በአኃዝም በፊደልም እንጽፋለን። የ1931ን የጄኔቫ የቼክ ስምምነት በተከተሉ ሕጎች መሠረት ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። የአጻጻፉ ብርታትና የአጻጻፉ አደጋ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ አንድ ቤት ወደ ጎን መንቀሳቀስ ሁሉን ነገር ይለውጣል።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። የቁጥርን መደበኛ አጻጻፍ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ከቀኝ እንጀምራለን፦ አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት፣ ሺህ ቤት እያልን ወደ ግራ እንሄዳለን። ይህ ቤቶቹን ለማስተዋወቅ ጥሩ ነው። ልጁ የሚጽፈውም የሚያነበውም ግን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ የቃል ጽሕፈት ላይ ሲደርስ ይወናበዳል። ስለዚህ እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ትልቅ ስም እንደሰማ አኃዝ ከመጻፉ በፊት ቤቱን እንዲያዘጋጅ ነው። «ሺህ» ከሰማ ከኮማው በኋላ ሦስት ሰረዝ ያሰምር። «ሚሊዮን» ከሰማ ሦስት ሰረዝ፣ ኮማ፣ ሌላ ሦስት ሰረዝ። ከዚያ የሚሰማውን በየቤቱ ያስገባ፤ ሳይሞላ የቀረ ሰረዝ ሁሉ ዜሮ ነው።

«ሰባት ሚሊዮን አሥራ አምስት» በሉት። 7 ይጽፋል፤ ስድስት ሰረዝ ያሰምራል። «ሺህ» የሚል ቃል ስላልሰማ የመካከሉ ቡድን በሙሉ ባዶ ነው። አሥራ አምስት በመጨረሻዎቹ ሁለት ቤቶች ይገባል። የቀሩትን ሲሞላ 7,000,015 ይሆናል። «አምስት ሚሊዮን ስልሳ ሺህ ስምንት» ደግሞ 5,060,008 ነው። እዚህ ላይ «ስልሳ» በሦስት ቤት ውስጥ የገባ ሁለት አኃዝ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከፊቱ ያለችው ዜሮ የምትረሳው ከሁሉ በላይ ናት። ደንቡ አጭር ነው፦ ከግራው ጫፍ ካለው ቡድን በስተቀር እያንዳንዱ ቡድን ሦስት አኃዝ የግድ ይይዛል። 302,40 የጻፈው ልጅ የሳተው ይህን ብቻ ነበር። ማንበቡ የዚህ ግልባጭ ስለሆነ ብዙ አላብራራም፤ 40,506,070ን ቡድን በቡድን እየጠሩ አርባ ሚሊዮን አምስት መቶ ስድስት ሺህ ሰባ ማለት ይበቃል።

በመጀመሪያው ቡድን ፊት ዜሮ የማንጽፈው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካጋጠማችሁ አመስግኑት። 007 እና 7 እኩል ናቸው፤ በግራ በኩል ያሉት ዜሮዎች ማንንም ከቤቱ አያንቀሳቅሱም። በቀኝና በመካከል ያሉት ግን ሌሎቹን አኃዞች በቤታቸው ያጸናሉ። እነርሱን ብታነሱ ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ 302,040 የነበረው 32,040 ሆኖ የቀረው በአንዲት ዜሮ መውጣት ነው።

አሁን አንድ ትልቅ ቁጥር በቅርብ እንመልከት። ብርሃን በባዶ ጠፈር ውስጥ በሰከንድ የሚጓዘው 299,792,458 ሜትር ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚተረጎመው በዚህ ቁጥር ስለሆነ አንድም ሽራፊ የለውም። በቁጥሩ ውስጥ 9 ሦስት ጊዜ አለ። ሦስቱም በመልክ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው 9 በአሥር ሚሊዮን ቤት ተቀምጧልና ዋጋው 90,000,000 ነው። ሁለተኛው አጠገቡ ሆኖ 9,000,000 ብቻ ነው፤ አንድ ቤት ወደ ቀኝ በመቀመጡ ዋጋው አሥር ጊዜ አንሷል። ሦስተኛው በአሥር ሺህ ቤት ነው፤ 90,000። ከመጀመሪያው 9 ጋር ሲተያይ አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል። 2ም ሁለት ጊዜ አለ፤ የግራው 200,000,000፣ የቀኙ 2,000። የግራው የቀኙ መቶ ሺህ እጥፍ ነው።

ቁጥሩ በዝርዝር ሲጻፍ 200,000,000 + 90,000,000 + 9,000,000 + 700,000 + 90,000 + 2,000 + 400 + 50 + 8 ይሆናል። ብዙ ተማሪ ይህን ዝርዝር አጻጻፍ እንደ ቅጣት ያየዋል፤ እውነቱን ለመናገር ሃያ ቁጥር ደርድረን «በዝርዝር ጻፉ» ስንላቸው ቅጣት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ሰጥቶ «ከእነዚህ ውስጥ አሥር እጥፍ የሚበላለጡት ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል። ልጁ እያንዳንዱ ቤት ከቀኝ ጎረቤቱ አሥር እጥፍ መሆኑን በራሱ ሲያገኘው ሠንጠረዡን ማጥናት አያስፈልገውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው በእኔ ግምት የዛሬው ዋና ነገር ነው፤ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በሁለት መስመር የሚያልፉት። ተማሪውን «በ3,470 ውስጥ ስንት አሥር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው «ሰባት» ይላል። 7 በአሥር ቤት የተቀመጠው አኃዝ ነው፤ የጠየቃችሁት ግን እርሱን አይደለም። በ3,470 ውስጥ 347 አሥሮች አሉ። 34 መቶዎችም አሉ፣ 70 ተርፎ። አሥር ቤት ላይ የሚታየው ወደ መቶነት ያልተጠቀለለው ትርፍ ብቻ ነው። መቶዎቹና ሺዎቹም በውስጣቸው አሥሮች ናቸው፤ ተጠቅልለው ስለተቀመጡ አይታዩም እንጂ አልጠፉም።

ይህን የተረዳ ልጅና ያልተረዳ ልጅ የሚለዩት በመቀነስ ላይ ነው። ከ4,002 ላይ 1,567 ቀንሱ። በተለመደው መንገድ ከ2 ላይ 7 አይቀነስም፣ ከአሥር ቤት እንበደር፤ አሥር ቤት ዜሮ ነው፣ ከመቶ ቤት እንበደር፤ እርሱም ዜሮ ነው፣ ከሺህ ቤት እንበደር። 4 ተሰርዞ 3 ይሆናል፤ የመጀመሪያው 0 ተሰርዞ 10፣ 10ም ተሰርዞ 9፤ ሁለተኛው 0 እንዲሁ፤ በመጨረሻ 2 ወደ 12 ይለወጣል። ልጁ ይህን ሲጨርስ ወረቀቱ ተቦጫጭሮ የቱ አኃዝ የጸና፣ የቱ የተሰረዘ እንደሆነ ለራሱም አይለየውም።

አሁን ያንኑ ቁጥር በአሥሮች እዩት። 4,002 ማለት 400 አሥሮችና 2 አንዶች ነው። አንድ አሥር ውሰዱና ወደ አንዶች ፍቱት፦ 399 አሥሮችና 12 አንዶች። አለቀ። ከ12 ላይ 7 ሲነሳ 5፤ ከ399 ላይ 156 ሲነሳ 243። መልሱ 2,435። ብድሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተፈጸመው፤ ዜሮዎቹን እየተሻገርን በር ማንኳኳት አላስፈለገንም። «400 አሥሮች» የሚለውን ማየት የቻለ ልጅ ሁለቱን ዜሮዎች አይፈራቸውም። «እዚያ ምንም የለም» ተብሎ የተነገረው ልጅ ግን ከምንም ላይ እንዴት እንደሚበደር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

በ10 ማባዛትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ስለሆነ አንድ ቅሬታ ላሰማ። «በአሥር ስናባዛ ከኋላ ዜሮ እንጨምራለን» የሚለው አነጋገር ከክፍል ቢወጣ ደስ ይለኛል። ዜሮ መጨመር በሒሳብ ምንም አለመጨመር ነው፤ 36 + 0 ያው 36 ነው። በ10 ሲባዛ የሚሆነው እያንዳንዱ አኃዝ አንድ ቤት ወደ ግራ መዛወሩ ነው። 3 ከአሥር ቤት ወደ መቶ ቤት፣ 6 ከአንድ ቤት ወደ አሥር ቤት ይሄዳሉ፤ አንድ ቤት ባዶ ስለሚቀር ዜሮ ይጻፍበታል። ለሙሉ ቁጥሮች ሁለቱም አባባል አንድ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ልጁ ነገ አስርዮሽ ላይ ሲደርስ 2.5ን በ10 አባዛ ሲባል 2.50 ይጽፋል፤ እኛ ባስተማርነው ደንብ መሠረት አልተሳሳተም። አኃዞቹ ቤት ለወጡ ብለን ብናስተምረው ኖሮ 25 ለማለት አዲስ ደንብ ባላስፈለገው።

ቁጥሮችን ስለማወዳደር ብዙ የምለው የለኝም። መጀመሪያ የአኃዞቹን ብዛት፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ ከግራ ጀምሮ ማየት ነው። 99,999 ሁሉም አኃዞቹ ከፍተኛ ሆነው ሳለ ከ100,000 ያንሳል፤ አንድ ጊዜ ይህን ካዩ በኋላ ልጆች አይስቱትም።

የተቀረውን ጊዜ በትላልቆቹ ቁጥሮች ላይ ላጥፋው፤ አዋቂዎችም የምንሳሳተው እዚያ ነውና። በመጀመሪያ ኮማው። ሦስት ሦስት እየከፈሉ መጻፍ የሒሳብ ሕግ አይደለም፤ ስምምነት ነው። በሕንድ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች በኋላ ሁለት ሁለት እየተከፈለ መቶ ሺህ 1,00,000 ተብሎ ይጻፋል። በቻይናና በጃፓን የቁጥር ስሞች የሚሄዱት በአሥር ሺህ ደረጃ ነው፤ ልክ በግእዙ ፼ እንደምናየው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በቡድኖች መካከል የሚገባው ነጥብ ነው፤ 1.234 የሚለውን እዚያ የሚያነብ ሰው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ይላል። እንዲህ ያለ መደናገር እንዳይፈጠር ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ በ2003 ባጸናው ውሳኔ በቡድኖች መካከል ነጥብም ኮማም ሳይገባ ባዶ ክፍተት ብቻ እንዲተው አሳስቧል። የባቢሎናውያኑ ክፍተት ተመልሶ መጣ ብላችሁ አትስጉ፤ ዜሮ ስላለ ክፍተቱ ለዓይን ማሳረፊያ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ቀጥሎ ስሞቹ። ቢሊዮን ስንል 1,000,000,000 ማለታችን ነው። በብሪታንያ ግን ቃሉ ለረጅም ጊዜ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮንን፣ ማለትም 1,000,000,000,000ን ሲያመለክት ኖሯል፤ መንግሥቱ በይፋ ወደ ትንሹ የዞረው በ1974 ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተመሳሳዩ ቃል ዛሬም ትልቁን ያመለክታል። አንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ከውጭ ቋንቋ ዜና የምትተረጉሙ ከሆነ ስሙን ከመገልበጣችሁ በፊት ዜሮዎቹን ቁጠሩ።

ከስሞቹ ጣጣ የሚያወጣን በ10 ርቢ መጻፍ ነው፤ ሳይንሳዊ አጻጻፍ የሚባለው። በአንዳንድ አገሮች መጻሕፍት መደበኛ አጻጻፍ ሲባል ይህኛው ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ እስከ አሁን ስናወራበት የቆየነው ተራው የአኃዝ አጻጻፍ ነው። ተማሪ ፈተና ላይ ሲጠየቅ የትኛው እንደተፈለገ መምህሩ ግልጽ ቢያደርግለት መልካም ነው። አሠራሩ ራሱ ከቦታ ዋጋ ውጭ አዲስ ነገር የለውም። 4,000,000ን 4 × 10⁶ ብለን ስንጽፍ 4 ከአንድ ቤት ስድስት ቤት ወደ ግራ ተዛውሯል ማለታችን ነው። ትንሿ 6 የሚሊዮን ቤትን በስሙ ፈንታ በቁጥሩ እየጠራችው ነው።

በአንድ ሞል (በኬሚስትሪ የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ንጥረ ነገር ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ብዛት ከ2019 ጀምሮ በትክክል 602,214,076,000,000,000,000,000 ተብሎ ተወስኗል። ሃያ አራት አኃዝ ነው፤ መጨረሻው ላይ አሥራ አምስት ዜሮዎች ተደርድረዋል። በአጭሩ 6.02214076 × 10²³ ይባላል። እዚህ ላይ ተማሪዎቻችሁን አንድ ነገር አስመልክቷቸው። የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ዜሮዎች በሙሉ በ10²³ ውስጥ ገብተው ከወረቀቱ ላይ ጠፍተዋል። በ6 እና በ2 መካከል ያለችው ዜሮ ግን አለች፤ በ4 እና በ7 መካከል ያለችውም እንዲሁ በቦታዋ ናት። እነዚህን ሁለቱን የሚተካ ርቢ የለም። ማንኛቸውንም አንሡና ቁጥሩን እንደገና አንብቡት።